ሳንጋባ አብረን የምንኖር ሰዎች በሕይወት ኢንሹራንስ ውል ላይ ተጠቃሚ የምንሰይመው እንዴት ነው?

ጠያቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና አብሮኝ የሚኖረው ሰው ጋብቻ ሳንፈጽም በአንድ ቤት መኖር ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል። አንዲት ሴት ልጅ አለችን። የምንኖርበትን ቤት የገዛነው በባንክ ብድር ሲሆን ውሉ በሁለታችንም ስም ነው፤ ከወር ክፍያው አብዛኛውን የሚሸፍነው ግን የእርሱ ደመወዝ ነው። ወደፊት እንጋባ ይሆናል፣ ላንጋባም እንችላለን። ይህ የእኛ ጉዳይ ስለሆነ ምክራችሁ «ተጋቡና ተገላገሉ» በሚል እንዳያልቅ ከወዲሁ እለምናለሁ።

ሁለታችንም የሕይወት ኢንሹራንስ ለመግባት አስበናል፤ እርሱ ቢሞት ብድሩን ብቻዬን መክፈል እንደማልችል ደጋግመን አስልተነዋል። የቸገረኝ ነገር ይህ ነው። ሚስቱ ሳልሆን ተጠቃሚ ሆኜ መመዝገብ እችላለሁ ወይ? ቤተሰቦቹ ለእኔ ያላቸው አመለካከት ጥሩ ስላልሆነ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ወራሽነታቸውን አረጋግጠው ገንዘቡን ሊወስዱት ይችላሉ? ደግሞስ ውሉን እርሱ በራሱ ስም ቢገባው ይሻላል ወይስ እኔ በእርሱ ሕይወት ላይ ልግባው? ከዚህ ሌላ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ የገባው የቡድን የሕይወት ኢንሹራንስ አለ፤ በዚያ ላይ ገና ሳንተዋወቅ እናቱን እንዳስመዘገበ ነግሮኛል።

በካሳ ክፍል የሠራ

እኅቴ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ ይችላሉ። ማንኛውም ሰው በገዛ ሕይወቱ ላይ ውል ሲገባ፣ ገንዘቡ እንዲደርሰው የሚፈልገውን ሰው በፈቃዱ ይሰይማል፤ ሚስት፣ እጮኛ፣ ጓደኛ ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ሊሆን ይችላል። ጋብቻ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የሥጋም የጋብቻም ዝምድና የሌለው ሰው ሲሰየም ምክንያቱን የሚጠይቁ ኩባንያዎች አሉ፤ አብሮ መኖር፣ የጋራ ዕዳና የጋራ ልጅ ግን ከበቂ በላይ ምክንያት ናቸው።

ወደ ቤተሰቡ ጉዳይ ስንመጣ፣ በብዙ አገሮች ሕግ ተጠቃሚ የተሰየመበት የሕይወት ኢንሹራንስ ገንዘብ ከሟቹ የውርስ ንብረት ጋር አይቀላቀልም፤ ከመድን ሰጪው በቀጥታ ወደ ተሰየመው ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ወላጅ ወይም ወንድም ወራሽ መሆኑን ስላረጋገጠ ብቻ ገንዘቡ አይሰጠውም፤ ከውሉ በኋላ የተጻፈ ኑዛዜም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በኩባንያው መዝገብ ያለውን ስም አይሽርም። ነገር ግን ተጠቃሚ ያልተሰየመ እንደሆነ፣ ወይም የተሰየመው ሰው ቀድሞ ሞቶ ተተኪ ካልተጻፈ፣ ገንዘቡ ወደ ውርስ ይገባል። ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ ውርሱ በሕጉ ተራ ይከፋፈላል፤ በብዙ አገሮች ሳይጋባ አብሮ የኖረ ሰው በዚያ ተራ ውስጥ ቦታ የለውም። ለተጋቡ ሰዎች ባዶ የቀረን ቅጽ ሕጉ በከፊል ይሞላላቸዋል። ለእናንተ ግን የሚሞላላችሁ የለም።

ሥራ ላይ ሳለሁ ካየኋቸው ፋይሎች አንዱን ልንገራችሁ። የሟቹ ወንድም የወራሽነት ማስረጃ ይዞ ቀረበ፤ ከሟቹ ጋር ትኖር የነበረችው ሴት ደግሞ የፖሊሲውን (የኢንሹራንስ ውሉን ሰነድ) ፎቶ ኮፒ ይዛ መጣች። ፋይሉ ሲከፈት የተጠቃሚ ለውጥ ቅጹ በቦታው ነበር፤ ስሟ በግልጽ ተጽፏል፣ በድርሻው ሳጥን ውስጥ 100 በመቶ ተሞልቷል፣ የኩባንያው ገቢ ማኅተም ተመቶበታል። ፊርማ የሚያርፍበት መስመር ግን ባዶ ነበር። ተቀባዩ ሠራተኛ ሳያገላብጠው ማኅተም መትቶ አስቀምጦታል፤ ሟቹም «ቅጹን አስገብቻለሁ» ብሎ ተማምኖ ሄዷል። ኩባንያው ለሁለቱም ከመክፈል ተቆጥቦ ገንዘቡን በፍርድ ቤት አስቀመጠና ክርክሩን ለእነርሱ ተወው። እኔ ክርክሩ ሳያልቅ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርሁ፤ ሴትየዋ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ የቤት ኪራይዋን ከሌላ ቦታ እየፈለገች ትከፍል እንደነበር አውቃለሁ።

ስለዚህ ቅጹን ማስገባት አይበቃም። ለውጡ መመዝገቡንና አሁን በመዝገቡ ላይ ያለው ተጠቃሚ ማን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ከኩባንያው ይጠይቁ። ስሙ በመታወቂያ ላይ ባለው አጻጻፍ፣ ከልደት ቀንና ከመታወቂያ ቁጥር ጋር ይሞላ። «ዝምድና» በሚለው ሳጥን ውስጥ «ሚስት» ብለው እንዳይጽፉ ደግሞ አጥብቄ እመክራለሁ። ወኪሎች ነገሩን ለማቅለል «ሚስት በይው፣ ችግር የለውም» ይላሉ፤ ችግሩ የሚወለደው ግን ክፍያ ሲጠየቅ ነው፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፣ የለም ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ፋይሉ በጥርጣሬ መታየት ይጀምራል። «ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ» ወይም «የልጁ እናት» ተብሎ ይጻፍ።

ሁለተኛ ወገን

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለጠያቂዋ ከሚገባው በላይ መተማመኛ የሚሰጥ መስሎ ታይቶኛል። ሰውየው በራሱ ሕይወት ላይ ውል ገብቶ እርስዎን ተጠቃሚ ቢያደርግ፣ ያ ስያሜ በተለመደው ሁኔታ የሚሻር ነው። ነገ ተጣልታችሁ፣ ወይም እናቱ ጫና አድርገውበት፣ አንድ ቅጽ ሞልቶ ስምዎን ቢያወጣ ኩባንያው ለእርስዎ የማሳወቅ ግዴታ አይኖርበትም። እርሱ በሕይወት እስካለ ድረስ በገንዘቡ ላይ ያለዎት ተስፋ እንጂ መብት አይደለም። ብድሩን አብረው ፈርመው ዕዳ ውስጥ ለገቡ ሰው ይህ በጣም ቀጭን ነገር ነው።

እኔ ብሆን ውሉን የምገባው ራሴ ነኝ። መድን የተገባለት ሕይወት የእርሱ፣ የፖሊሲው ባለቤትና አረቦን (የኢንሹራንሱን መዋጮ) ከፋይ እኔ፣ ገንዘቡም የሚከፈለው ለእኔ እንዲሆን አደርጋለሁ። እርሱም በእኔ ሕይወት ላይ እንዲሁ ያድርግ። ያን ጊዜ ማንም የማንንም ስም ሊያወጣ አይችልም።

ሕግ ነክ

የሁለተኛ ወገን ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሩ የሚከፈተው በአንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ እርሱም የመድን ጥቅም የሚባለው መስፈርት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሰዎች በማያውቋቸው ሰዎች ሕይወት ላይ ኢንሹራንስ እየገቡ ሞታቸውን እንደ ቁማር ይጠብቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1774 የወጣው የሕይወት ኢንሹራንስ ሕግ ይህንን ከለከለ፤ በሌላው ሰው ሕይወት ላይ ውል የሚገባ ሰው በዚያ ሰው መኖር የሚጠቀም፣ በመሞቱ የሚጎዳ መሆን አለበት ተባለ። ይህ ሐሳብ በልዩ ልዩ መልክ ወደ ብዙ አገሮች ሕግ ገብቷል። ባልና ሚስት አንዱ በሌላው ሕይወት ላይ ይህ ጥቅም እንዳላቸው ያለ ማስረጃ ይገመትላቸዋል። ሳይጋቡ ለሚኖሩ ግን ግምቱ በሁሉም ቦታ ስለማይሠራ ጥቅሙን በገንዘብ ማሳየት ሊያስፈልግ ይችላል።

ጠያቂዋ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናቸው። በሁለቱም ስም የተፈረመ የብድር ውል አለ፤ እርሱ ቢሞት ባንኩ ሙሉውን ዕዳ ከእርሳቸው መጠየቅ ይችላል፤ ስለዚህ ቢያንስ እስከ ዕዳው መጠን ድረስ ጥቅማቸው በወረቀት የተረጋገጠ ነው። ልጃቸው በእርሱ ገቢ የምትተዳደር መሆኗም ይታያል። የብድሩን ውል ቅጂ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። የእርሱ ፈቃድና ፊርማ፣ እንደ ገንዘቡ መጠንም የጤና ምርመራው የግድ ነው፤ በድብቅ የሚገባ ውል የለም።

ሌላው ጠቃሚ ነገር፣ በብዙ አገሮች ይህ ጥቅም የሚመዘነው ውሉ በተገባበት ጊዜ መሆኑ ነው። በኋላ ብትለያዩም ውሉ በዚያ ምክንያት አይፈርስም።

በካሳ ክፍል የሠራ

መለያየትን ካነሣችሁት አይቀር፣ ሁለተኛ ወገን ያቀረቡት መንገድ የማይወራለት ጎን አለው። ከተለያዩ በኋላ የቀድሞ ጓደኛው የእርሱን ሞት የሚመለከት ፖሊሲ በእጇ ይዛ ትቆያለች፤ አረቦኑን እስከከፈለች ድረስ ማቆም የሚችለው ሰው የለም። እርሱም በእርስዎ ሕይወት ላይ እንዲሁ። ይህንን አስቀድሞ ተነጋግሮ በጽሑፍ ማስፈር ይቻላል፤ ለምሳሌ በተለያዩ ጊዜ እያንዳንዱ በራሱ ሕይወት ላይ ያለውን ፖሊሲ ከሌላው ተረክቦ ባለቤት እንዲሆን። የባለቤትነት ማዛወሪያ ቅጽ በየኩባንያው አለ።

ሁለተኛ ወገን

በጽሑፍ ይስፈር የሚለውን እቀበላለሁ። ይሁንና ስምዎ እንዳይወጣ የሚያደርግ ዘዴ የግድ ይህ ብቻ አይደለም፤ «የማይሻር ተጠቃሚ» የሚባለውስ ለምን አልተነሣም? እርሱ የራሱን ፖሊሲ ይዞ እርስዎን በማይሻር ተጠቃሚነት ቢሰይምዎ፣ ያለ እርስዎ ፊርማ ስምዎን ሊያወጣ አይችልም፤ የመድን ጥቅም ማስረጃ ፍለጋም ይቀራል።

ሕግ ነክ

ያልተነሣው በምክንያት ነው። የማይሻር ተጠቃሚ ከተሰየመ በኋላ ባለቤቱ ስሙን ለመለወጥ ብቻ ሳይሆን በብዙ ውሎች ላይ በፖሊሲው ከመድን ሰጪው ለመበደር፣ ፖሊሲውን አቋርጦ የተጠራቀመውን ገንዘብ ለመውሰድ ወይም ለባንክ በመያዣነት ለመስጠት ጭምር የተጠቃሚውን ፈቃድ ይጠይቃል። ቤት በብድር ለገዛ ሰው የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። የተለያዩ እንደሆነም የቀድሞ ጓደኛው ካልፈረመች ሰውየው አዲስ ለመሠረተው ቤተሰብ ያንን ፖሊሲ ሊያውለው አይችልም። በአንዳንድ አገሮች፣ ፈረንሳይን ጨምሮ፣ ተጠቃሚው ስያሜውን በሕጉ ሥርዓት በይፋ ሲቀበል ያው ውጤት ይከተላል፤ ስለዚህ «ተቀብያለሁ» ብሎ መፈረም የአክብሮት ፊርማ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ፈረንሳይን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእናንተ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው እርሱ ነው። እዚያ በኩባንያዎች ቅጽ ላይ አስቀድሞ ታትሞ የሚገኘው የተለመደ ሐረግ ገንዘቡን በመጀመሪያ ለትዳር ጓደኛ፣ ካልኖረ ለልጆች፣ ካልኖሩ ለወራሾች ይሰጣል። በዚያ ሐረግ ውስጥ የትዳር ጓደኛ ማለት በጋብቻ የተሳሰረ ሰው ነው፤ ሳይጋባ አብሮ የሚኖር ሰው አይገባበትም። ሳያነቡ በታተመው ላይ ምልክት ያደረጉ ጥንዶች ተጠቃሚ ሰይመናል ብለው ሲያምኑ አንዱ ለሌላው ምንም አልተወም ማለት ነው። በየትኛውም አገር ብትሆኑ የታተመውን ሐረግ ትታችሁ ስሙን በእጃችሁ ጻፉ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መልሶቻችሁን አብረን አነበብናቸው። እርሱ የማይሻር የሚለውን ሲሰማ ፊቱን አጠቆረ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር አልፈረድሁበትም። አንዱ በሌላው ሕይወት ላይ ውል መግባቱ ግን ሁለታችንንም አግባብቶናል። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ወኪሉ «ለሁለታችሁ አንድ የጋራ ፖሊሲ ውሰዱ፣ አረቦኑ ይቀንሳል» ብሎናል፤ ይሻላል ትላላችሁ? ሁለተኛው፣ ለሁለታችንም ተተኪ ተጠቃሚ ልጃችንን ለማድረግ አስበናል፤ ዕድሜዋ ገና ስለሆነ እንቅፋት ይኖረው ይሆን?

ቁጥር ወዳድ

የጋራ ፖሊሲውን በተመለከተ ልመልስ። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ፖሊሲ ከሁለቱ አንዱ መጀመሪያ ሲሞት አንድ ጊዜ ይከፍልና ያበቃል። የተረፈው ሰው ያለ ኢንሹራንስ ይቀራል፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገፍቶ ወይም ጤናው ተጓድሎ አዲስ ፖሊሲ በውድ ይገዛል፣ ወይም ጨርሶ አያገኝም። ከሁሉ የከፋው ሳይጋቡ ለሚኖሩ ነው፤ ብትለያዩ ፖሊሲውን ለሁለት መከፋፈል በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ አይቻልምና አንዳችሁ መተው ይኖርባችኋል። ሁለት የተለያዩ ፖሊሲዎች በአረቦን ጥቂት ቢበልጡም፣ ሁለት ጊዜ የሚከፍሉና ባለቤታቸውን ተከትለው የሚሄዱ ናቸው። ወኪሉ ልዩነቱን በጽሑፍ አስልቶ ያሳያችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከተፈራው ያነሰ ሆኖ ይገኛል።

መጠኑን ስትወስኑ ለብድሩ ከቀረው ዕዳ ብቻ አትነሡ፤ የልጅ ማሳደጊያውን ዓመታት ደምሩበት። ባንኩ ለብድሩ ዋስትና ፖሊሲውን በመያዣነት ከወሰደው፣ መጀመሪያ የሚከፈለው ባንኩ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያገኘው ከዚያ የተረፈውን ነው። ለብዙ ሰዎች የምትከፋፍሉ ከሆነም ድርሻውን በተቆረጠ ገንዘብ ሳይሆን በመቶኛ ጻፉ። ከፖሊሲው ላይ ብድር ተወስዶ ካልተመለሰ የሚከፈለው መጠን ይቀንሳል፤ የተቆረጠ ገንዘብ የተጻፈላቸው ሰዎች ያን ጊዜ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። መቶኛው ተደምሮ 100 መሆኑን ደግሞ አረጋግጡ፤ 60 እና 30 ተጽፎበት የቀረ ቅጽ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቀሪው 10 በመቶ የማን ነው?

በካሳ ክፍል የሠራ

የልጅቷ ጉዳይ እንቅፋት አለው። መድን ሰጪ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ገንዘብ በእጁ አይቆጥርም። በአብዛኛው ፍርድ ቤት የልጁን ንብረት የሚያስተዳድር ሰው እስኪሾም ይጠበቃል፤ ሁለታችሁም በሌላችሁበት ቀን ያ ሰው ማን ይሆናል ብለው ያስቡ። ጠያቂዋ የማይፈልጓቸው ዘመዶች ቀድመው ሊያመለክቱ ይችላሉ። ከዚህ የሚሻለው፣ የምታምኑትን ሰው ባለአደራ አድርጋችሁ ገንዘቡ ለልጅቷ ጥቅም በእርሱ እጅ እንዲቆይ የሚያደርግ የአደራ ሰነድ በሕግ ባለሙያ አስጽፎ በቅጹ ላይ ተጠቃሚ አድርጎ መጻፍ ነው። በአንዳንድ አገሮች ይህ ትረስት ይባላል፤ በሌሎች ደግሞ በኑዛዜ የተሰየመ ሞግዚት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ልጅቷ ገንዘቡን በስንት ዓመቷ ትረከብ የሚለውንም በዚያው መወሰን ይቻላል። ለአካለ መጠን በደረሰችበት ቀን ሙሉውን መረከብ ለማንም ወጣት ጥሩ ነው ብዬ አላምንም፤ ይህ የግል አስተያየቴ ነው።

አብሮ መሞት ይገጥማልና እርሱንም ልጥቀስ። በአንድ አደጋ ሁለታችሁም ብትሞቱና ተጠቃሚው ከሟቹ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ፣ ገንዘቡ ለዚያ ተጠቃሚ ደርሶ ወዲያው ወደ እርሱ ወራሾች ሊያልፍ ይችላል። ይህንን ለማስቀረት በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ተጠቃሚው ከሟቹ በኋላ 120 ሰዓት መቆየት አለበት የሚል ሕግ አላቸው፤ በሌላ ቦታ ተመሳሳይ ሐረግ በራሱ በውሉ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ተተኪ ተጠቃሚ በግልጽ ከተጻፈ ነገሩ ይቀላል።

በመሐል ያለ

ጠያቂዋን ይቅርታ እየጠየቅሁ የእኔን ላስገባ። ከቀድሞ ሚስቴ ጋር ከተለያየን ቆይቷል፤ ፍቺው ግን በፍርድ ቤት አልተፈጸመም። አሁን አብራኝ የምትኖረውን ሴት ተጠቃሚ ላድርጋት ብል የሚከለክለኝ ነገር አለ?

ሕግ ነክ

ወንድሜ፣ የእርስዎ ከጠያቂዋ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ፍቺ እስካልተፈጸመ ድረስ በሕግ ፊት ባለትዳር ነዎት። በባልና ሚስት መካከል የንብረት ጋራነትን በሚከተሉ ሥርዓቶች አረቦኑ ከጋራ ገቢ የተከፈለ እንደሆነ፣ የቀድሞ የሚሏት ሚስትዎ ከገንዘቡ ድርሻ ልትጠይቅ ትችላለች። ስሟ ቀድሞ በቅጹ ላይ ካለም በራሱ አይወጣም። በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ፍቺ ሲፈጸም የቀድሞ ትዳር ጓደኛን ስያሜ ሕጉ በራሱ ይሽራል፤ እርስዎ ግን ገና አልተፋቱም። መጀመሪያ ፍቺውን ይጨርሱ፣ ቀጥሎ ሁሉንም ቅጾች እንደገና ይሙሉ።

ጠያቂዋም ከዚህ አንድ ነገር ይያዙ። ያ የመሻር ሕግ የተጻፈው ለተፋቱ ሰዎች ነው። ሳይጋቡ ተለያይተው ስም ሳያስለውጡ የቀሩ ሰዎችን አያውቃቸውም፤ የቀድሞ ጓደኛ ስም በቅጹ ላይ እስካለ ድረስ ገንዘቡ ለእርሱ ነው፤ በመካከል አሥር ዓመት ቢያልፍና አዲስ ቤተሰብ ቢመሠረትም።

ቁጥር ወዳድ

ስለ ግብር የተናገረ ስለሌለ በአጭሩ ልጥቀስ። አገሩ ይወስነዋል፤ ሆኖም በእንግሊዝ ለትዳር ጓደኛ የሚተላለፍ ሀብት በአብዛኛው ከውርስ ግብር ነፃ ሲሆን አብሮ ለሚኖር ሰው ግን ያ ነፃነት የለም፤ ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ያለው ሀብት 40 በመቶ ሊከፈልበት ይችላል። ስለዚህ እዚያ ያሉ ሰዎች ፖሊሲውን ከመጀመሪያው በትረስት ሥር ያደርጉታል፤ ገንዘቡ ከውርሱ ስለሚወጣ ግብሩም መዘግየቱም ይቀራል። ውሉን ስትፈርሙ ይህንን በአገራችሁ ባለሙያ አስጠይቁ።

ሁለተኛ ወገን

አንድ ተግባራዊ ነገር። ውሉን እርስዎ ከገቡት አረቦኑም ከእርስዎ ሒሳብ ይቆረጥ እንጂ «እኔ በእጅህ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ክፈል» በሚል አይሁን። ነገ ቤተሰቡ «ገንዘቡ ከወንድማችን ደመወዝ ነው የተከፈለው» ብሎ ቢከራከር የባንክ መግለጫው ይናገርልዎታል። በጤና መጠይቁ ላይም ሲጋራ ማጨስን ጨምሮ ሁሉንም በእውነት እንዲሞላ ይንገሩት። በብዙ ውሎች በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ሞት ከደረሰ ኩባንያው ማመልከቻውን መልሶ የመመርመር መብት አለው፤ ያን ጊዜ የተደበቀ ነገር ከተገኘ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት፤ ያልጻፈው እርሱ ቢሆንም።

ጠያቂዋ

ወስነናል። ሁለት የተለያዩ ፖሊሲዎች እንገባለን፤ እኔ በእርሱ፣ እርሱ በእኔ ሕይወት ላይ፤ የብድሩን ውል ቅጂ እናያይዛለን፤ ብንለያይ ፖሊሲዎቹን የምንለዋወጥበትን ስምምነት ደግሞ የሕግ ባለሙያ ዘንድ እናስጽፋለን። ባለአደራ ማንን እንደምናደርግ ገና እየተከራከርን ነው። የመሥሪያ ቤቱን የቡድን ኢንሹራንስ በተመለከተ ግን እርሱ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄዶ ሲጠይቅ «ቅጹን ልትቀይረው ትችላለህ፣ ግን ምኞትህን የምትገልጽበት ነው እንጂ አያስገድድም» የሚል መልስ አግኝቷል። ይህ ምን ማለት ነው?

በካሳ ክፍል የሠራ

ያገኘው መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ አገሮች አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የሚገቡት የሞት ጥቅም የሚተዳደረው በባለአደራዎች ነው፤ ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጡ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጡት እነርሱ ሲሆኑ፣ የሠራተኛው ቅጽ ሐሳቡን የሚያሳውቅ ሰነድ ነው። በእንግሊዝ ይህ የተለመደ አሠራር ነው። ባለአደራዎቹ ግን ቅጹን በባዶ አይተውትም፤ በቅርብ የተጻፈና ግልጽ የሆነ ቅጽ ካገኙ አብዛኛውን ጊዜ ይከተሉታል። ከዓመታት በፊት የእናቱ ስም የተጻፈበትን ካገኙ ግን አብራው የምትኖር ሴትና ልጅ መኖራቸውን የሚነግራቸው ወረቀት አይኖርም። ስለዚህ የእርስዎንና የልጅቷን ስም ይጻፍበት፤ አብራችሁ እንደምትኖሩና ልጅቷ የጋራችሁ እንደሆነች በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምርበት፤ እናቱንም መተው ካልፈለገ በመቶኛ ድርሻ ይስጣቸው።

ያ ኢንሹራንስ ሥራውን በለቀቀ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚቋረጥ መሆኑንም አይርሱ። ለቤቱ ዕዳ ብላችሁ ያሰላችሁት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ከሁለቱ የግል ፖሊሲዎች ይውጣ።